እናቴና የኖዳ ቤት ሁለት ዝይዎች

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ደጃፍ ላይ የተልባ ዘይት ሸተተኝ። ሰውየው አዲስ የእንጨት በር አስገጥሞ፣ ጨርቅ ዘይት ውስጥ እየነከረ ያሸዋል። የገበያ ከረጢቴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ሽታው ረበሸሽ እንዴ?» ሲለኝ «ኧረ በጭራሽ፣ ቀጥል» አልኩትና ትንሽ ቆይቼ ገባሁ። ያ ሽታ ለእኔ የእናቴ የእጅ ሽታ ነው። ሌላ ልጅ እናቱን በሽቶዋ ያውቃት ይሆናል። እኔ በተልባ ዘይትና በእንጨት ብናኝ ነው የማውቃት፤ ይህም የሆነው አሥር ዓመት በሞላኝ ሰመር ነው።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ነበር። ሁለት መኝታ ቤት ካለው አፓርታማ አንዱን እኛ፣ ሌላውን ሁለት ወንድማማቾች ይዘነዋል። አባቴ ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል፤ እናቴ ዘነበች እስከ ቀትር ድረስ አንድ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ትሠራለች። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔን ብቻዬን ቤት መተው አልፈለጉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዳሱ ውስጥ ከእናቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ክሬዮን በሚባል የሰም ቀለም ሥዕል እቀባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብረን በአውቶቡስ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ መንገድ እንሄዳለን። ፌርፋክስ ላይ ጋሼ መኮንን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ለእናቴ ሰጥተዋት ነበር።

እናቴ እንጨት ቀራጭ ናት። አያቴ አዲስ አበባ ውስጥ የአልጋ ራስጌና የወንበር መደገፊያ ላይ አበባና አንበሳ የሚቀርጽ ሰው ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ነው አንቺን ያስተማረሽ ሲሏት ትቆጣለች። «እጄ መሮ ሲይዝ ስለማይንቀጠቀጥ ነው» ትላለች። አሜሪካ ስትመጣ መሮዎቹን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ግን ለዓመታት ሳትፈታቸው አልጋ ሥር ተቀምጠው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቀይ መኪና ባላት ሴትዮ ነው። ሴትዮዋ መኪናዋን ፓርክ ልታደርግ ስትገባ፣ እናቴ የኋላው ወንበር ላይ የእንጨት ጋሻ ተጋድሞ አየች። ጋሻው ላይ ጅራቱ የተሰበረ አንበሳ ተቀርጿል። እናቴ፣ ትኬት ከመስጠት በቀር ከደንበኛ ጋር የማታወራው እናቴ፣ ከዳሷ ወጥታ መስኮቱን አንኳኳችና «እኔ እጠግነዋለሁ» አለቻት።

ማታ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። «ክረስት የምጠግነው ሰጡኝ» አለች። ክረስት ደግሞ እኔ እስከማውቀው ድረስ የጥርስ ሳሙናችን ላይ የተጻፈው ቃል ነው። እናቴ የፈነዳ የሳሙና ቱቦ ልትሰፋ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ስላገኘች አዘንኩላት። በማግስቱም ከኛ ቤት ሳሙና እንዳይባክን ቱቦውን ከሥሩ ጀምሬ በጥንቃቄ ጠቀለልኩት።

ጋሼ መኮንን ናቸው ያስረዱኝ። «ክረስት ማለት የቤተሰብ አርማ ነው፣ ማሂ። ድሮ ነገሥታትና መሳፍንት ማንነታቸው እንዲታወቅ በር ላይ ይሰቅሉት ነበር።»

«ሶ፣ ያቺ ሴትዮ ንግሥት ናት?» አልኳቸው።

«አላውቅም እንግዲህ፤ አያቶቿ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብለው ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ይህ በቂዬ ነበር። ሴትዮዋ የተጠገነውን አንበሳዋን ስታይ በደስታ ለወዳጆቿ አወራች፤ እነሱም የተሰበረ አርማቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዱ ጥፍሯ የወደቀ ንስር፣ ሌላው ምስጥ የበላው የወይን ዘለላ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ለእኔ ቁምጣ የለበሰ ንጉሥ ነው። እናቴ መዝሙር እያንጎራጎረች ትቀርጻለች፤ እኔ መብራቱን እይዝላታለሁ፣ ብናኙን እፍ እላለሁ።

ከዚያ ሚስተር ኖዳ መጡ።

ሚስተር ኖዳ ጋርዴና ውስጥ ችግኝና አበባ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸው ከጃፓን መጥተው የከፈቱት ቦታ ነው። የሱሪያቸው ጉልበት አፈር ነክቶታል። ወደ ኋላ ክፍላችን እንደገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእናቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እናቴም ጎንበስ አለች። እሳቸው መልሰው ጎንበስ አሉ። እናቴ የታላቅ ሰው ሰላምታ እንዲሁ አይቀርም ብላ ደገመች። እኔ ውሃ በሁለት እጄ ሳቀርብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አሁንስ አልተጠራጠርኩም፤ እኚህ ዋናው ንጉሥ ናቸው፣ ተደብቀው ነው የሚኖሩት።

በሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፈቱት። ውስጡ የተሰባበረ አሮጌ እንጨት ነው። እናቴ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ስታገጣጥመው የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል ነገር ሆነ፤ ክንፋቸውን ክብ አድርገው የዘረጉ ሁለት ዝይዎች፣ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች። የታችኛዋ ግን ራስ የላትም።

«የቤተሰባችን አርማ ነው፤ አባቴ ነው የቀረጸው» አሉ ሚስተር ኖዳ። «ከሱቃችን በር በላይ ነበር የሚሰቀለው። ኃይለኛ ንፋስ ጣለውና ጭንቅላቷ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ገብቶ ዱቄት ሆነ። ሌሎች ሰዎች በማሽን አዲስ እንሥራልህ ይሉኛል። እኔ አዲስ አልፈልግም።»

እናቴ ያልገባትን እኔ እየተረጎምኩላት ቀጠሉ። ታላቅ እህታቸው ሀሩ ከሩቅ ስቴት ሊመጡ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ምናልባት ከእንግዲህ አይመጡም። አባታቸው በእጃቸው ከሠሩት ነገር የቀረው ይኸው አርማ ብቻ ነው። እህታቸው መውደቁን አልሰሙም፤ ሚስተር ኖዳም እንዲሰሙ አልፈለጉም።

እናቴ የላይኛዋን ዝይ ምንቃር በጣቷ ነካችው። የተዘጋ ነው። «የታችኛዋስ?» አለች።

ሚስተር ኖዳ ግንባራቸውን አሹ። «የተዘጋ ይመስለኛል። የአጎቴ ልጅ ግን ክፍት ነበር ይላል። ፎቶዎቹ ሁሉ ከሩቅ የተነሱ ናቸው።»

ማታ አባቴ ሲሰማ ደነገጠ። «ዘኒ፣ የሴትዮዋ አንበሳ ቢበላሽ ሌላ ጅራት ትቀጥይለታለሽ። ይኼ እኮ የሰው አባት እጅ ነው። ቢበላሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

«አላበላሸውም» አለች እናቴ፤ ግን ድምፅዋ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

ክንፎቹን መግጠሙ ተሳካላት። ስብራቱን በቀጭን ብሩሽ አጸዳች፣ ኮላ ቀባች፣ እስኪደርቅ ሞርሳ በሚባለው የብረት ማጥበቂያ አሰረች። የተላጠውን አሮጌ እንጨት የተልባ ዘይት ስታጠጣው ጠጅ የሚመስል ቀለም አወጣ። ሱቅ የመጡ ሴቶች ሁሉ ሽሯቸውን እንደያዙ ከኋላ ብቅ እያሉ ያዩ ጀመር። አንዷ ዳክዬ ናት አለች፤ ሌላዋ ርግብ ናት ብላ ድርቅ አለች። ጋሼ መኮንን እንደ አስጎብኚ መሐል ቆመው «የጃፓን ዝይ ናት፣ እባካችሁ አትንኳት» ይላሉ።

የታችኛዋ ዝይ ጭንቅላት ግን እምቢ አለች። እናቴ ከአዲስ እንጨት የተዘጋ ምንቃር ያላት ራስ ቀረጸች፤ ስትገጥማት አንገቷ ላይ ተሰነጠቀች። ሌላ ቀረጸች፤ እሷም ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋ ስትሰነጠቅ እናቴ መሮውን አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። መዝሙሩም ቆመ። የእናቴን እጅ ያለ ሥራ አይቼው አላውቅም ነበርና ፈራሁ።

«እመልስላቸዋለሁ» አለች በማግስቱ ለአባቴ። «አልቻልኩም። ምንቃሯ ክፍት ይሁን ዝግ ሳላውቅ በግምት የሰው አባት ሥራ ላይ አልቀጥልም።»

አባቴ ነግሬሽ ነበር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ሥራውን ትቶ በገዛ ታክሲው ጋርዴና ወሰደን። እናቴ አርማውን በሰማያዊው ጨርቅ ቋጥራ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ይዛዋለች። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ከቋጠሮው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። የንጉሥ ዕቃ ሳይጠግን የሚመልስ ሰው ምን እንደሚደረግ አላውቅማ! እናቴን ቢያስሯት በምን ቋንቋ እንደምለምናቸው በሐሳቤ ስለማመድ ደረስን።

የሚስተር ኖዳ ግቢ ርጥብ አፈርና የብርቱካን ቅጠል ይሸታል። ከችግኝ መሐል ወጥተው እጅ ነሱን። እናቴ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ዘርግታ ይቅርታ ለመጠየቅ ጀመረችና ቃሉ ጠፋባት። ለእኔ በአማርኛ «ማሂ፣ አልቻልኩም በይልኝ» አለችኝ። እኔም ተረጎምኩ። ሚስተር ኖዳ አልተቆጡም። ቋጠሮውን ግን አልተቀበሉም።

«መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ትይልኝ» አሉ። «ከዚያ በኋላ እቀበላታለሁ።»

ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ የተቀባ ሳንቃ ነው። መሐሉ ላይ ቀለም ያልነካው ቡናማ ቦታ አለ። እናቴ ቀና ብላ አየች፣ ቆየች፣ ከዚያ «መሰላል አለ?» አለች። አባቴ ቋጠሮውን ተቀብሎ በሌላ እጁ መሰላሉን ያዘላት። ወጥታ በጣቷ ጫፍ ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ዓይነ ስውር ሰው ፊት እንደሚዳስስ ቀስ እያለች።

«ስንት ጊዜ ነው የተቀባው?» አለች።

«ኦ፣ ብዙ ጊዜ» አሉ ሚስተር ኖዳ። «አባቴ አርማውን ማውረድ ስለማይወድ ሁልጊዜ ዙሪያውን ነው የምንቀባው።»

እናቴ ከመሰላሉ ላይ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ሌላ ሆኗል። «ማሂ! ክሬዮንሽን! ወረቀትም አምጪ፣ ትልቅ!»

ሚስተር ኖዳ የአበባ ማሰሮ የሚጠቀልሉበትን ወረቀት ቀደው ሰጡኝ፤ እኔ ከቦርሳዬ እጄ የገባውን አወጣሁ፤ ወይን ጠጅ ቀለም። እናቴ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ዘርግታ ክሬዮኑን በጎኑ ታሸው ጀመር። እኔ በኀፍረት ሞትኩ። ግድግዳ ላይ መቀባት ክልክል ነው ብላ የቀጣችኝ እሷ አይደለችም እንዴ? ያውም የሰው ቤት፣ ያውም የንጉሥ!

ክሬዮኑ በሄደበት ሁሉ ግን መስመር ወጣ። በየጊዜው የተቀባው ቀለም በአርማው ዙሪያ እየተደራረበ ጠርዝ ሠርቶ ነበር። መጀመሪያ ክንፍ መጣ። ከዚያ ሁለተኛው ክንፍ። ከዚያ አንገት። እናቴ እጇን አዘገየች። ከታች በኩል ጭንቅላት ብቅ አለች፤ ምንቃሯ ለሁለት ተከፍሎ፣ የሆነ ነገር ልትናገር ስትል የተያዘች ትመስላለች።

«ክፍት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማንም እንድተረጉም አልጠበቀኝም።

ሚስተር ኖዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው የአፈር ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ በሥሯ ስገባ ስወጣ» አሉ፣ «ቀና ብዬ አላየኋትም ማለት ነው።»

እናቴ ከመሰላሉ ስትወርድ ቋጠሮውን ከአባቴ እጅ መልሳ ወሰደች። ስለመመለስ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሚስተር ኖዳ ከመጋዘናቸው ግድግዳው ሲሠራ የተረፈ አሮጌ ሳንቃ አምጥተው ሰጧት። አሸተተችው፣ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች። «ይኼኛው እሺ ይላል» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ እናቴን የማያት ስትስቅ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን ሐይቅ ያለበት ፓርክ ወሰደችኝ። ዳቦ እየቆረስኩ ለሐይቁ ወፎች እንድጥልና በድንገት እንዳቆም አዘዘችኝ። ዳቦው ሲቀርባቸው ወፎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው ይጮሁብኛል፤ እሷ ተንበርክካ ምላሳቸውን፣ የጉሮሯቸውን ዙሪያ ታያለች። አንዷ ቀሚሴን ነከሰችኝና ሮጥኩ። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የሚስተር ኖዳ አባት ወፍ እንደነዚህ አይደለችም፤ ግን አፍ ሲከፈት አንገት ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ» አለችኝ።

አዲሷ ጭንቅላት ከአሮጌው ሳንቃ ወጣች። ስትገጠም አልተሰነጠቀችም። አባቴ በዚያን ሰሞን ታክሲው ውስጥ ለገባ ሰው ሁሉ ስለ ዝይዋ ያወራ እንደነበር ያወቅነው፣ አንድ ተሳፋሪ መንገዱን አስቀይሮ ሊያያት ሱቁ ድረስ በመጣ ጊዜ ነው።

እህታቸው በሚመጡበት ቀን ሚስተር ኖዳ ሦስታችንንም ጠሩን። ጋሼ መኮንን ሱቃቸውን ዘግተው አብረውን መጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። ግቢው በዘመድ ተሞልቷል። እኔ ድፍረት አገኘሁና ሚስተር ኖዳን ወደ ጎን ወስጄ ጠየቅኋቸው፤ «ንጉሥ ነዎት?»

ሳቁና ጎንበስ አሉልኝ። «አትክልተኛ ነኝ። አባቴም አትክልተኛ፣ አያቴም ገበሬ ነበር።»

«ታዲያ አርማው?»

«እኛ ዘንድ ገበሬም አርማ አለው» አሉኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ያንኑ ነገር እንደገና ንገሪኝ አለችኝ።

አርማው ገና ሳይሰቀል፣ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ መኪና መጣ። እትዬ ሀሩ ከተባለው ሰዓት ቀድመው ደረሱ። እናቴ ታላቅ ሰው በስም አይጠራም ስላለችኝ እኔ እትዬ ሀሩ ነው የምላቸው። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሴት ናቸው። ወንድማቸው አርማውን በጨርቅ ሊሸፍኑ ሲራወጡ አዩዋቸውና በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

«ወድቆ ነበር?» አሉ።

ሚስተር ኖዳ እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፉ። «አዎ።»

እትዬ ሀሩ በጣታቸው ክንፉን ዳሰሱ፣ አንገቱን ዳሰሱ፣ የታችኛዋ ምንቃር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እናቴ ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች፤ ያማል።

«አፏ ክፍት ነው» አሉ እትዬ ሀሩ። ፊታቸው በራ። «ይቺ እናታችን ናት! አባባ ምን ይል ነበር፣ የላይኛው እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ የታችኛዋ ሚስቴ ናት፣ እሷ ታወራለች።»

«ለእኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም» አሉ ሚስተር ኖዳ።

«አንተ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አሏቸውና ዘመዱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ «ይህን የሠራ ማን ነው?» አሉ።

እናቴ ከአባቴ ጀርባ ልትሸሸግ ስትል አባቴ ወደ ጎን ዞር አለባት። «ሚስቴ ናት!» አለ፤ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ። «የኔ ሚስት ናት!»

እትዬ ሀሩ የእናቴን እጆች ይዘው መዳፏን ገለበጡ፤ የመሮውን ጠባሳ፣ የዘይቱን ጥቁር በዓይናቸው አቅርበው አዩ። «ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ» አለች እናቴ።

«በሕይወት አለ?»

«የለም።»

እትዬ ሀሩ ብሩሽና ቀለም እንዲመጣ አዘዙ። አርማውን ገለበጡት። ከጀርባው የአባታቸው ስም በራሳቸው ፊደል ተጽፎ ነበር። «ከሥሩ ያንቺን ጻፊ» አሉ። «በራስሽ ፊደል።»

እናቴ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ስትጨርስ እትዬ ሀሩ ወደ እኔ ዞረው «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ዘነበች ወልዴ» ብዬ አነበብኩ።

«ወልዴ ማለት ምንድን ነው?»

«የአባቷ ስም ነው። አያቴ። እሱ ነው ያስተማራት።»

«ወልዴ» አሉ ቀስ ብለው፤ በትክክል እስኪወጣላቸው ደጋገሙት። ከዚያ ከኋላ የቆሙት አልሰሙም ብለው ጮክ ብዬ እንድደግመው ጠየቁኝ። አይቼው የማላውቀውን የአያቴን ስም ያን ያህል ሰው ፊት፣ ባለ በሌለ ድምፄ ጠራሁት። ጋሼ መኮንን ከኋላ ሆነው አጨበጨቡ።

በመጨረሻ የሚስተር ኖዳ ዘመዶች በሁለት መሰላል ወጥተው አርማውን ወደ ቦታው አነሱት። አንዱ ወደዚህ ይላል፣ ሌላው ወደዚያ ይላል። እናቴ፣ እንግሊዝኛ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማው እናቴ፣ ከሰው መሐል ወጥታ ግቢው መካከል ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ወደ ግራ!» አለች በአማርኛ። «ትንሽ! አሁንም! ከፍ አርጉት! ከፍ!»

ከመካከላቸው አንድም አማርኛ የሚሰማ የለም። ግን ወደ ግራ ሄዱ፣ ከፍ አደረጉት።

«በቃ!» አለች። ሁሉም ቆሙ።